ኔቲቭ አሜሪካን ተማሪ ለካውንስሊንግ ስትመጣላችሁ፦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምን እንደምታደርጉ

ኢንቦክሴ ውስጥ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ነው። ጠያቂዎቹ እዚህ አሜሪካና ካናዳ ኮሌጆች ውስጥ የሚሰሩ ሀበሾች ናቸው፣ አንዱ ሶሻል ወርክ ጨርሶ ኢንተርንሺፕ ላይ ያለ፣ አንዷ ዶርም የምትቆጣጠር፣ አንዷ አድቫይዘር፣ እና ሁሉም የሚሉኝ "ኔቲቭ ተማሪ ተመደበችልኝ፣ ስለ ባህላቸው ምንም አላውቅም፣ ምን ብዬ ልጀምር?" ነው። ለየብቻ ስመልስ ስለከረምኩ በቃ ሁሉንም እዚህ ልዘርግፈው። እኔ ሚኒሶታ ውስጥ ነው ኮሌጅ ካውንስለር ሆኜ የምሰራው፣ ስለዚ አብዛኛው ምሳሌዬ ከኦጂብዌና ከዳኮታ ልጆች ጋ ቁጭ ብዬ የተማርኩት ነው። እናንተ አሪዞና ወይ ሲያትል ወይ ዊኒፔግ ከሆናችሁ ደረጃዎቹን ያዙና ዝርዝሩን እዛው ያሉትን ሰዎች ጠይቁ። "ተማሪዋ" እያልኩ የምሄደው ለመጻፍ እንዲቀለኝ ነው፣ ለወንዱም ያው ነው።

መጀመሪያ ስለ ስማቸው። እኛ በአማርኛ "ቀይ ህንዶች" እያልን ነው ያደግነው። ተዉት፣ በቆዳ ቀለም የተሰጠ ስም ነው፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ዛሬ ስድብ ነው። "ኔቲቭ" ወይ "ኢንዲጂነስ" በሉ፣ ካናዳ ያላችሁ ደግሞ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢንዊትና ሜቲ ሶስት የተለያዩ ህዝቦች መሆናቸውን ያዙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ተማሪዋ ራሷ የምትጠራበት የህዝቧ ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ በፌደራል መንግስት እውቅና ያላቸው ከ570 በላይ ናቸው፣ ስለዚ "የኔቲቭ ባህል" የሚባል አንድ ነገር የለም። "በአፍሪካ ባህል እንዴት ነው?" ብሎ የጠየቃችሁን ሰው ታስታውሱ የለ፣ እሱን አትሁኑ።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር

- ለመጀመሪያው ቀን ቢያንስ 80 ደቂቃ። የተለመደው 50 ደቂቃ አይበቃም፣ ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ።
- ጎን ለጎን ወይ ሰያፍ የሚቀመጡ ሁለት ወንበሮች፣ ሻይ፣ በእጅ የሚያዝ ነገር (ዶቃ የሚሰሩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፣ እየሰሩ ማውራት ይቀላቸዋል)
- ስቴታችሁ ውስጥ ያሉት ኔሽኖች (የየራሳቸው አስተዳደር ያላቸው ኔቲቭ ህዝቦች) ዝርዝር። ሚኒሶታ 11 ናቸው፣ 7 አኒሺናቤ (ኦጂብዌ) እና 4 ዳኮታ።
- ዲኤስኤም-5 (የአእምሮ ህመሞች መመርመሪያ መጽሐፍ) ውስጥ ያለው የባህል ኢንተርቪው፣ 16 ጥያቄ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፣ ፕሪንት አርጉት
- መረጃ ለሌላ ሰው እንድታካፍሉ የምትፈርምበት የፈቃድ ፎርም፣ ባዶውን
- ለአስተማሪ የሚላክ የሀዘን ደብዳቤ፣ አስቀድማችሁ የጻፋችሁት
- ለስነ ስርዓት እንደ እጣን እጽዋት ስለማጨስ (ደረጃ 8) የህንጻ አስተዳደሩ በጽሁፍ የሰጣችሁ ፈቃድ
- ለኤልደር (ባህሉን የሚያውቅ የተከበረ የህዝቡ ሽማግሌ) የሚከፈል በጀትና ደብሊው-9 የሚባለው የታክስ ፎርም
- ስልክ ቁጥሮች፣ በወረቀት

ስልኮቹ እነዚህ ናቸው። 988 ራስን ለማጥፋት ለሚያስብና ለተጨነቀ ሰው የሚሆን መስመር ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በየትኛውም ሰዓት ይሰራል፣ መደወልም ቴክስት ማድረግም ይቻላል። ዋሽንግተን ስቴት ያላችሁ 988 ደውሎ 4ን መጫን ኔቲቭ ሰው ያገናኛል። በቤት ውስጥ ወይ በፍቅር ጓደኛ ለሚደርስ ጥቃት ስትሮንግ ኸርትስ ኔቲቭ ሄልፕላይን 1-844-762-8483። ካናዳ ለኢንዲጂነስ ሰዎች የሚሆነው የእርዳታ መስመር ሆፕ ፎር ዌልነስ 1-855-242-3310።

ደረጃ 1፦ ከመምጣቷ በፊት ህንጻችሁን እወቁ

ኮሌጃችሁ የማን መሬት ላይ እንዳለና ቦታው ከዚህ በፊት ምን እንደነበር ፈልጉ። ለምሳሌ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሞሪስ ካምፓስና ኮሎራዶ ያለው ፎርት ሉዊስ ኮሌጅ ድሮ የኔቲቭ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት የነበሩ ናቸው፣ ኔቲቭ ተማሪ ዛሬ እዛ ያለ ትዩሽን የሚማረው በዛ ምክንያት ነው። እነዛ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከእናታቸው ለይተው ጸጉራቸውን ቆርጠው ቋንቋቸውን የከለከሉ ናቸው። ታሪኩን እዚህ አልዘረዝርም። ግን ለምን ይጠቅማችኋል ካላችሁ፣ ተማሪዋ ቢሯችሁ ገብታ "እዚህ ጋ ፈርሚ" ስትባል ፊቷ የሚለወጠው ከእናንተ ጋ ጸብ ኖሯት ላይሆን ይችላል። የአያቷን ፋይል የያዘውም እንደናንተ ያለ ቢሮ ነበር። ይሄንን ካወቃችሁ ወረቀቱን አትቸኩሉበትም።

ደረጃ 2፦ ክፍሉን አስተካክሉ

ጠረጴዛውን ከመሃል አንሱ። ግድግዳ ላይ ከሱቅ የተገዛ ድሪምካቸር ወይ ላባ ምናምን ካለ አውርዱ፣ የሚታየው ለማስመሰል የተደረገ ሆኖ ነው። በሩን ማየት የምትችልበት ወንበር ለሷ ተዉላት። ይሄ ደረጃ አስር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ደረጃ 3፦ ከፎርሙ በፊት እናንተ ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ

ብዙ ኔሽኖች ዘንድ ሰው ሲተዋወቅ ስሙን ብቻ አይደለም የሚናገረው፣ ከየት እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ጎሳው ምን እንደሆነ ይናገራል። ኦጂብዌው ዶዴሙን (ጎሳውን) ይናገራል፣ ናቫሆው (ራሳቸውን ዲኔ ነው የሚሉት) አራት ጎሳ ይቆጥራል፣ የእናቱን፣ የአባቱን፣ የእናቱን አባት፣ የአባቱን አባት። ለኛ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ "የማን ልጅ ነሽ?" ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚ ዲግሪያችሁን ከመደርደር እንደዚ በሉ፦ "ስሜ እገሌ ነው፣ የተወለድኩት ኢትዮጵያ ደሴ ነው፣ ያሳደገችኝ አያቴ ናት፣ እዚህ ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው፣ ስለ ህዝብሽ የማላውቀው ብዙ ነው፣ ስሳሳት ብትነግሪኝ አልቀየምም። አንቺስ ወገኖችሽ እነማን ናቸው?"

ይሄ ለምን ይጠቅማል፣ ዝም ብሎ የሚጠይቅ ሰው መርማሪ ነው የሚመስለው፣ መጀመሪያ ስለራሱ የተናገረ ግን ሰው ነው። ሁለተኛ ደግሞ ችግሯ ያለው ብዙ ጊዜ ወገኖቿ ጋ ነው፣ መፍትሄውም እዛው ነው፣ ማን እንዳላት ካላወቃችሁ በኋላ ማንን ልትጠሩላት ነው? እየነገረች ስሞቹን ጻፉ፣ "አክስት" "ታናሽ ወንድም" ብላ የጠራችውን በራሷ አጠራር ጻፉት፣ አታስተካክሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ "ስንት ፐርሰንት ኔቲቭ ነሽ?" ብላችሁ በፍጹም እንዳትጠይቁ። የደም መጠን ቆጠራ መንግስት ያመጣው ነው፣ ብዙ ኔሽኖችም ዛሬ ድረስ አባል ለመመዝገብ ይጠቀሙበታል፣ ሳትመዘገብ የቀረችና በዛ ውስጥ ውስጡን የምትጎዳ ተማሪ ሞልታለች። መልኳን አይታችሁ "አትመስይም" ማለትም ያው ነው።

ደረጃ 4፦ ዝም በሉ

ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነበር። ጥያቄ ትጠይቃላችሁ፣ መልስ የለም፣ አምስት ሰከንድ፣ አስር፣ ሃያ። ትምህርት ቤት የተማርነው ሁሉ "እርዳት፣ ጥያቄውን ቀይረው" ይላል። አትቀይሩት። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ተማሪ ስለ እናቷ ጠይቄያት ዝም ስትል ሶስት ጊዜ ጥያቄውን ቀያየርኩት፣ በአራተኛው ቀና ብላ "የመጀመሪያውን እያሰብኩ ነበር" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ። ከዛ ቀን ጀምሮ ጥያቄ ጠይቄ ሻይዬን አነሳለሁ፣ አንድ ጊዜ ፉት እላለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ አሁንም ካልተናገረች እንደገና አነሳለሁ። 80 ደቂቃ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለምን ቢባል፣ ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ሳያስቡ መመለስ ንቀት ነው፣ ዝም ማለት ደግሞ ጥያቄውን ማክበር ነው። አይን አለማየትም እንደዛው፣ እኛ ቤት ልጅ ታላቁን ትክ ብሎ ካየ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ፋይሉ ላይ "የአይን ግንኙነት የላትም፣ ስሜቷ ደንዝዟል" ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ያ ጽሁፍ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ምርመራ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ችግሩን በሷ አነጋገር አውጡት፣ ፎርሙ ከዛ በኋላ ይምጣ

ፒኤችኪው-9 (የዲፕሬሽን መጠይቅ) ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ቁጥሩም ያስፈልጋል፣ ግን በሱ አትጀምሩ። ከባህል ኢንተርቪው ውስጥ እኔ ሁልጊዜ የማነሳቸው እነዚህ ናቸው፦

"ይሄንን ነገር ለቤተሰብሽ ስትነግሪያቸው ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያቸው?"
"ከምን የመጣ ይመስልሻል? አያትሽ ብትሆንስ ከምን መጣ ትላለች?"
"እስካሁን ምን አደረግሽለት? ምን ረዳሽ?"
"እኔ ጋ እንዳትመጪ የሚከለክልሽ ወይ የሚያስፈራሽ ነገር አለ?"

ሁለተኛዋ ጥያቄ ብዙ በር ትከፍታለች። አንዷ "ዲፕሬሽን" የሚል ቃል አንዴም ሳትጠቀም "ከቤት ስወጣ ከበሮው ጠፋብኝ" ብላ ነው የጀመረችልኝ፣ በየሳምንቱ ከበሮ ከሚመቱ ዘመዶቿ ጋ ነበር ያደገችው፣ እዚህ ከተማ ስትመጣ ያ ቀረ፣ እንቅልፏ የጠፋው ከዛ ወዲህ ነው። ፎርሙ ላይ የእንቅልፍ ጥያቄ አለ፣ የከበሮ ጥያቄ የለም።

"የሞተች አክስቴ ስትጠራኝ እሰማለሁ" ካለች አትደንግጡ። ሀገር ቤት የሟች እናቱን ድምጽ የሰማ ሰው አብዷል አይባልም፣ እነሱም ጋ ብዙ ቦታ እንደዛው ነው። ግን አትለፉትም። ሶስት ነገር ጠይቁ፦ ድምጹ ያጽናናታል ወይስ ያስፈራታል፣ ራሷን ወይ ሰውን እንድትጎዳ ያዛታል ወይ፣ ቤተሰቦቿ ሲሰሙ ምን አሉ። ቤተሰቦቿ ራሳቸው "ይሄ ልክ አይደለም" ካሉ ወይ ድምጹ የሚያዛት ከሆነ በዛው ቀን ሳይካትሪስት ጋ ታገናኛላችሁ።

ደረጃ 6፦ ስለ ራስን ማጥፋት ጠይቁ (ይሄ አይዘለልም)

"ባህሉ አይፈቅድም" ብሎ መዝለል የለም። በቀጥታ መጠየቅ ሀሳቡን አይተክልም፣ ሸክሙን ያቀላል። አጠያየቁ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ባህላዊውን መንገድ በያዙ የናቫሆ ቤተሰቦች ዘንድ መጥፎን ነገር በአፍ መናገር መጥራት ነው፣ ሐኪም "እንዲህ ሊደርስብሽ ይችላል" ሲል ራሱ እንዳመጣው ይቆጠራል። እንደዚ አይነት ተማሪ ፊት "ራስሽን ብታጠፊ" እያሉ መላምት ከመደርደር እንዲህ ማለት ይሻላል፦ "አንዳንድ ሰው ሸክሙ ሲከብደው መኖር አያሰኘውም፣ ራሱን ስለማጥፋትም ያስባል። እንደዛ አይነት ሀሳብ ወዳንቺ መጥቶ ያውቃል?" ጥያቄው ቀጥተኛ ነው፣ ግን ወደፊቷ ላይ አልተነበያችሁም።

አዎ ካለች፦ እቅድ አለ ወይ፣ መሳሪያው እጇ ላይ ነው ወይ፣ መቼ ብላ አስባለች፣ ከዚህ በፊት ሞክራለች ወይ። ገጠር ያለ ቤተሰብ የአደን ጠመንጃ ቤት ውስጥ መኖሩ የተለመደ ነው፣ ስለዚ "ቤት ስትሄጂ ጠመንጃው የት ነው የሚቀመጠው? ማን ቢቆልፍልሽ ትወጃለሽ?" በሏት፣ ይሄ ጥያቄ ህይወት ያተርፋል። ከዛ የሴፍቲ ፕላኑን (ሀሳቡ ሲመጣባት ምን እንደምታደርግና ማንን እንደምትጠራ የሚጻፍበት ፎርም) አብራችሁ ሙሉ። ፎርሙ ላይ "አእምሮን የሚያሳርፉ ነገሮች" የሚለው ቦታ ላይ የናንተን ሀሳብ፣ ሙዚቃ መስማት ገላ መታጠብ ምናምን፣ አትጻፉላት፣ የሷን ጻፉ፦ ዶቃ፣ ወንዝ ዳር፣ የአክስቷ ኩሽና፣ የእህቷ ልጅ ፎቶ። ሰው የሚለው ቦታ ላይ ደረጃ 3 ላይ የጻፋችኋቸውን ስሞች አውጡ፣ ከነስልካቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ አደጋው አሁን ከሆነ ብቻዋን አትተዋትም፣ ሱፐርቫይዘራችሁ ይጠራል፣ 988 ወይ ሞባይል ክራይሲስ ቲም (ያለችበት ድረስ የሚመጣ የአእምሮ ጤና ቡድን) ይጠራል። ፖሊስ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፣ ግን ሌላ ካልተገኘ ህይወቷ ይቀድማል። ካውንስለር ያልሆናችሁት፣ የዶርምና የአድቫይዚንግ ልጆች፣ የናንተ ስራ ጠይቆ አብሮ ተቀምጦ እጅ ለእጅ ማስረከብ ነው፣ "ለማንም አልናገርም" ብላችሁ ቃል እንዳትገቡ።

ደረጃ 7፦ ሀዘን ሲመጣ ደብዳቤውን በዛው ቀን ላኩ

እኔ ጋ የሚመጡ ተማሪዎች ትምህርት አቋርጠው ሲወጡ በአይኔ ያየሁት ምክንያት ይሄ ነው። ዘመድ ይሞታል፣ ተማሪዋ ሬድ ሌክ ወይ ሌላ ሩቅ ሪዘርቬሽን (የህዝቡ የራሱ ግዛት) ትሄዳለች፣ ሬድ ሌክ ከሚኒያፖሊስ ከ4 ሰዓት በላይ መንዳት ነው፣ ሳምንት ትቆያለች፣ ስትመለስ ሚድተርም አልፏል። የኮሌጁ ደንብ ደግሞ ብዙ ቦታ "እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት፣ 3 ቀን" ነው የሚለው። ብዙ ኔሽኖች ዘንድ ግን የአባትሽ ወንድም አባትሽ ሊሆን ይችላል፣ የእናትሽ እህት እናትሽ ናት፣ የአክስትሽ ልጅ እህትሽ ናት። ስለዚ "አባቴ ሞተ" ብላ ሄዳ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ "አባቴ ሞተ" ስትል አስተማሪው ውሸታም ናት ይላል። አንዷን እንደዛ ብሎ በክፍል ፊት የተናገራት አስተማሪ አውቃለሁ፣ ትምህርቱን በዛው ሳምንት ተወችው።

ኦጂብዌ ዘንድ የሟች መንፈስ መንገዱን እስኪጨርስ አራት ቀን እሳት ይጠበቃል። እዛ መገኘት ውዴታ አይደለም። ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለሀበሻ ማስረዳት አያስፈልግም መቼም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ "ተማሪዬ የቅርብ ቤተሰብ ሞቶባታል። በህዝቧ ስርዓት መሰረት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ከቤተሰቧ ጋ መሆን አለባት። ያመለጣት ፈተናና አሳይመንት ከተመለሰች ከአንድ ሳምንት በኋላ እንዲሆንላት እጠይቃለሁ።" በቃ። የስርዓቱን ስምና ዝርዝር አትጻፉ፣ የሷ ነው፣ ለአስተማሪ የሚገለጽ አይደለም። የሞት ማስረጃ ወረቀት አምጪ አትበሏት። ፈቃዷን በፎርም ተቀበሉ፣ ለሁሉም አስተማሪዎች በአንድ ኢሜይል ላኩ፣ ከዛ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደውላችሁ የኢመርጀንሲ ገንዘብ ለቤንዚን ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። ክሬዲቷ ከወረደ እርዳታው ሊቀንስ ስለሚችል ኮርስ ድሮፕ ከማድረጓ በፊት እነሱን እንድታናግር ንገሯት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወገቧ ድረስ የሚደርስ ጸጉር የነበራት ተማሪ ነበረችኝ። አንድ ሰኞ አንገቷ ላይ አሳጥራ መጣች፣ እኔም በር ላይ እንዳየኋት "ውይ ሲያምርብሽ!" አልኳት። ምንም አላለችም፣ ቁጭ አለች፣ ኮቷን አላወለቀችም። ከብዙ ቆይታ በኋላ "ወንድሜ ነው" አለች። ብዙ ኔሽኖች ዘንድ ጸጉር የሚቆረጠው ለሀዘን ነው። እኔ ያደግኩበትም ሀገር ሴት ለሀዘን ጸጉሯን ትላጫለች፣ እያወቅኩት ነው ያላሰብኩት። አሁን የማንም ጸጉር ተቀይሮ ሳይ የምለው "ጸጉርሽን ተቆረጥሽ" ብቻ ነው፣ ከዛ ዝም። የተረፈውን እሷ ትነግረኛለች።

ደረጃ 8፦ ኤልደር ወይ ባህላዊ ፈዋሽ ከፈለገች አገናኙ፣ ራሳችሁ አትሞክሩት

መጀመሪያ እሷን ጠይቁ። ኔቲቭ ስለሆነች ብቻ ስነ ስርዓት ትፈልጋለች ማለት አይደለም፣ አጥባቂ ክርስቲያን የሆኑ ብዙ ናቸው፣ ሁለቱንም የያዙ አሉ፣ አንዱንም የማይፈልጉ አሉ። "ካህን ልጥራልህ?" ሳይባል ካህን የተጠራበትን ሰው አስቡት።

ከፈለገች በካምፓሱ የኔቲቭ ተማሪዎች ማዕከል በኩል ሂዱ፣ ከሌለ በከተማው ባለ ማዕከል፣ ሚኒያፖሊስ ከሆናችሁ ፍራንክሊን አቬኑ ላይ ያለው አሜሪካን ኢንዲያን ሴንተር። ኢንተርኔት ላይ ራሱን "ሻማን" ብሎ ገንዘብ የሚያስከፍል ሰው ጋ እንዳትልኩ። እኛ አካባቢ ኤልደር ሲጠየቅ ትንሽ ትምባሆ በጨርቅ ተቋጥሮ ይሰጣል፣ ኦጂብዌዎች አሴማ ይሉታል፣ ከተቀበለ ጥያቄውን ተቀበለ ማለት ነው። ግን ይሄ የሁሉም ህዝብ ልማድ አይደለም፣ ያገናኛችሁን ሰው "እንዴት ነው የሚጠየቁት?" በሉት።

የኮሌጁ ክፍያ ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ኤልደሩ መጥተው ሰዓታቸውን ሰጥተው ነዳጅ አቃጥለው በባዶ መሄድ የለባቸውም፣ ግን ሂሳብ ክፍል ደብሊው-9 ካልተሞላና በሲስተሙ ካልተመዘገቡ አይከፍልም፣ ይሄ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚ ሴሚስተሩ ሳይጀመር ጨርሱት። የ70 ዓመት ሰው ለሶስተኛ ጊዜ ፎርም ሙሉ ሲባሉ ማየት ያሳፍራል።

ስለ ጭስ፦ ሴጅ፣ ሴዳር፣ ስዊትግራስ የሚባሉ እጽዋትን እንደ እጣን የሚያጨሱ ተማሪዎች ፎቅ ውስጥ አላርም ይጮህባቸዋል። በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ሰዓት፣ አላርሙን ማን እንደሚያጠፋና መልሶ እንደሚያበራ ቀድማችሁ በጽሁፍ ጨርሱ። እጽዋቱን ተማሪዋ ወይ ኤልደሩ ናቸው የሚያመጡት፣ እናንተ ኦንላይን አዛችሁ ራሳችሁ አትለኩሱ። ሀበሻ ስለሆንን ጭሱን ስናይ እጣን ትዝ ይለንና "እኛም እኮ እንደዚህ ነን" ማለት ያምረናል። ለኔ በጣም ደስ የሚለኝ መመሳሰል ነው፣ ግን ሰዓቱ የሷ ነው፣ ከጠየቀቻችሁ ንገሯት።

ደረጃ 9፦ መድኃኒትና ስነ ስርዓት አብረው ሲሄዱ

ጸበልም እየተጠመቀ ክኒንም የሚውጥ ሰው ቤታችን ውስጥ ስላለ ይሄ ይገባናል። አንዱን ምረጪ አትበሏት። ግን ሁልጊዜ ጠይቁ፦ "በቅርብ ስዌት ሎጅ ትገቢያለሽ? የምትጾሚበት ስነ ስርዓት አለ?" ምክንያቱም ስዌት ሎጅ (በጋለ ድንጋይና በእንፋሎት የሚሞቅ የጸሎት ጎጆ) በጣም ያልባል፣ ሰን ዳንስ የሚባለው ስነ ስርዓት ላይ ደግሞ ለቀናት ያለ ምግብና ያለ ውሃ የሚቆዩ አሉ። ሊቲየም (ለባይፖላር የሚታዘዝ መድኃኒት) የምትወስድ ከሆነ ውሃ ከሰውነቷ ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠን ደሟ ውስጥ ይጨምርና ይመርዛል። ኢንሱሊን የምትወስድም እንደዛው አደጋ አለባት። እናንተ "አትሂጂ" አትሉም፣ "መድኃኒቱን አቁሚ"ም አትሉም፣ ያዘዘላት ሐኪም ጋ በፈቃዷ ደውላችሁ ቀኑን ትነግሩታላችሁ፣ ስነ ስርዓቱን የሚመራው ሰውም እንዲያውቅ እሷ ትነግረዋለች።

ደረጃ 10፦ ከካምፓስ ውጪ የት እንደሚላክ

የኮሌጅ ሴሽን ብዙ ቦታ የተወሰነ ነው፣ ሲያልቅ ወደ ባዶ እንዳትልኳት። ከተማ ውስጥ ለሚኖሩ ኔቲቮች በአሜሪካ 41 የከተማ ጤና ድርጅቶች አሉ፣ ለምሳሌ ሲያትል ኢንዲያን ኸልዝ ቦርድ፣ ሚኒያፖሊስ ደግሞ ኢንዲያን ኸልዝ ቦርድ ኦፍ ሚኒያፖሊስ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ አሪዞና፣ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ሜክሲኮና ኦሪገን ውስጥ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የመንግስት የጤና ኢንሹራንስ) በነዚህ አይነት ተቋማት በኩል ባህላዊ ህክምናን እንዲሸፍን ተፈቅዷል። ካናዳ ለተመዘገቡ ፈርስት ኔሽንስና ለኢንዊት ኤንአይኤችቢ የሚባለው ፕሮግራም ካውንስሊንግ ይሸፍናል።

ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ፦ "እዛ የሚሰራ ዘመድ አለሽ?" ህዝቡ ትንሽ ነው፣ ሪሴፕሽን ላይ የተቀመጠችው አክስቷ ልትሆን ትችላለች። ለአንዷ ይሄ እፎይታ ነው፣ ለሌላዋ ደግሞ በር ላይ ደርሳ የምትመለስበት ምክንያት ነው።

ደረጃ 11፦ ቀኑን ካላንደር ላይ ጻፉ

ዳኮታና ላኮታ ዘንድ ሀዘን አንድ ዓመት ይያዛል፣ ሲሞላ እንባ የሚጠረግበት ስነ ስርዓት አለ። ሙት ዓመት ብላችሁ ያዙት። ቤተሰብ ምግብና ስጦታ ያዘጋጃል፣ ገንዘብ ያልቃል፣ ተማሪዋም ያላትን ትልካለች፣ ውጤቷም የሚወርደው ያኔ ሊሆን ይችላል። ቀኑ ከመድረሱ አንድ ወር በፊት ቴክስት አርጉላት፣ ደብዳቤውም ከዛው ጊዜ ጀምሮ ይዘጋጅ።

ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው

መጠጥን መገመት። "ትጠጫለሽ?" ለሁሉም ተማሪ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፣ ለሷ "ስንት ትጠጫለሽ?" ሆኖ ሲቀየር ግን ፈርዳችኋል። ጨርሰው የማይጠጡ ኔቲቮች በጣም ብዙ ናቸው።

የመድኃኒት ጎማ የሚባለውን ባለ አራት ቀለም ክብ ለሁሉም ማውጣት። ለአንዳንዱ ህዝብ ነው፣ ለሌላው ባዕድ ነው።

እሷን አስተማሪ ማድረግ። በሷ ሰዓት ስለ ህዝቧ ታሪክ አትጠይቋት፣ ያንን በራሳችሁ ሰዓት አንብቡ። የምትጠይቁት ስለሷ ቤት ነው።

ስለጠፉና ስለተገደሉ ኔቲቭ ሴቶች ዜና ሲወጣ ዝም ማለት። ሜይ 5 መታሰቢያው ነው፣ ቀይ ልብስ ለብሳ ከመጣች ምናልባት የምታስበው ሰው አላት። "ዛሬ ማንን አስበሽ ነው?" በቂ ነው።

"የኛም ህዝብ ተሰቃይቷል" ብሎ መጀመር። እውነት ነው፣ ግን ማጽናናት መስሎን የሷን ሀዘን በኛ እንሸፍነዋለን።

ሁለቴ ሲቀሩ ፋይል መዝጋት። ሲስተሙ ራሱ "ቀጠሮዎን ስላላከበሩ ተዘግቷል" የሚል ኢሜይል ይልካል፣ ያንን እንዲያጠፉላችሁ ጠይቁና በእጃችሁ ጻፉላት። እኔ የምልከው ይሄንን ነው፦ "ሰላም፣ ዛሬ ጠብቄሽ ነበር፣ ደህና እንደሆንሽ ተስፋ አረጋለሁ። ሐሙስ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቢሮ ነኝ፣ ሻይ አለ፣ ማውራት ባትፈልጊም ዶቃሽን ይዘሽ ነይ።"